ሁለት ንክኪ

የመኪና ማቆሚያ መተግበሪያ ማሻሻል የፈጀብኝ አንድ መኪናና አንድ ሽማግሌ ነው። መኪናዋ የራሴ ነበረች። ሽማግሌው የማንም አልነበሩም፤ ሲሄዱ ማንም ያልጠየቀኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ደሴ ፒያሳ የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ከሱቄ ፊት የሚቆመውን መኪና የሚጠብቁት እኒህ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔ ሱቁን ከመክፈቴም በፊት ጀምሮ። ሾፌሩ ቁልቁለቱ ላይ ያቆምና በመስኮት “አደራ አባባ” ይላል፤ እሳቸው “አብሽር” ብለው ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባሉ። ሲመለስ ብር ያስጨብጣቸዋል፣ ዱዓውን ተቀብሎ ይሄዳል። ዝርዝር የጠፋ ቀን ዱዓውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዝርዝር የጠፋበት ቦታ ሁሉ ገበያ ይታየኛል።

የመንገዱን ዳር ከያዘው ማኅበር ጋር ተስማማሁና የማቆሚያው ክፍያ በስልክ እንዲሆን ኮምቦልቻ ያለች የሶፍትዌር ባለሙያ ቀጠርኩ። የመጀመሪያው ሥራዋ ስልኩን ሰባት ጊዜ የሚያስነካ ነበር፦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የሚስጥር ቁጥር፣ ታርጋ፣ የመኪናው ቀለም ሳይቀር። አንዱ ሾፌር እየሞላ ዝናብ መጣበትና፣ ወላሂ ፓስፖርት ሳወጣ እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅኩም ብሎኝ ሄደ። ለማሻሻያው መኪናዬን ሸጥኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪና ማቆሚያ ለመነጋገር ኮምቦልቻ የምወርደው በሚኒባስ ሆነ።

ባለሙያዋ ጎበዝ ናት። ታርጋው አንዴ ከተመዘገበ ስልኩ እንዲያስታውሰው አደረገች፤ ፊደሉን አጎላች፤ ሰባቱን ወደ ሦስት አወረደችው። ሦስተኛው ጠባቂውን መምረጥ ነበር። እሱ ሲነካ የሽማግሌው ስልክ ይጠራል፤ ተነሥተው ሾፌሩን ይቀበሉታል።

“ይሄ ይውጣ” አልኳት። “ሁለት ንክኪ ብለን እንለጥፋለን።”

“ታዲያ ሽማግሌው ሾፌሩ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?”

“ዓይን አላቸው” አልኳት።

ሾፌሮች ወደዱት። መስኮት መክፈት እንኳ ቀረ፤ አቁሞ፣ ሁለቴ ነክቶ መሄድ ነው። የሽማግሌውን ድርሻ ቅዳሜ ቅዳሜ በእጄ እሰጣቸዋለሁ። ይቀበሉኛል፤ ዱዓ ግን አያደርጉልኝም። እኔም ጊዜ ተቆጠበ ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን ከሱቄ ፊት የቆመች መኪና ሁለቱም ስፖኪዮዋ ተነቅሎ ተገኘ። ሽማግሌው አምስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ባለመኪናው እኔ ላይ ጮኸ፤ እኔ እሳቸው ላይ ልጮህ ሄድኩ።

“ሲነቅል አይቼዋለሁ” አሉኝ ሳይነሡ። “ሰላምታም ሰጥቶኛል። ባለቤቱ መሰለኝ። ድሮ ሰው አደራ ሲለኝ ፊቱን አያለሁ፤ ሲመለስ በፊቱ አውቀዋለሁ። አሁን ማን ባለቤት ማን ሌባ እንደሆነ በምን ልወቅ፣ ልጄ?”

ስፖኪዮዎቹን ከመደርደሪያዬ አውርጄ ተካሁ። በማግስቱ ኮምቦልቻ ወርጄ ሦስተኛው ይመለስ አልኩ፤ ባለሙያዋ ያኔውኑ መለሰችው። ደሴ ስደርስ ግን ወሬው ቀድሞኛል፤ ሽማግሌው ከሌባው ጋር ተካፈሉ ይባላል። ንክኪ የቀነስኩት እኔ እንደሆንኩ ለመናገር ሁለት ቀን ሳመነታ ቆየሁ። በሁለቱ ቀን ውስጥ ሽማግሌው ሐርቡ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ተከትዬ ሐርቡ ወረድኩ። በክብር ተቀበሉኝ፤ ምሳ ሳልበላ አላስወራ አሉኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለፒያሳ ሰው ሁሉ እናገራለሁ፣ ብቻ ይመለሱ ብዬ ለመንኳቸው።

“አብሽር” አሉኝ። “ክፉ አላሰብክም። ግን አደራ በላ የተባለ ሰው እዚያ መንገድ ላይ ምን ብሎ ይቀመጣል?”

አልተመለሱም። ሾፌሮቹም ጠባቂ ወዳለበት ሌላ መንገድ ዞሩ። መተግበሪያው አሁንም ይሠራል፤ ፈጣን ነው። የሱቄ ገበያ ሲቀዘቅዝ እከፍተዋለሁ። ጠባቂዎን ይምረጡ ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው።

ተጠቃሚ፣ አንድ፤ እኔ። ጠባቂ የለም። መኪና የለኝም።