አቅማዳና ፐርስ

ያን ሚዜ ዛሬም ፍኖተ ሰላም አስፋልት ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የሆነው የእህቴን ልጅ የዳርን ቀን ነው። ቡሬ አጠገብ ካለው ከእህቴ ግቢ ጥሎሹ በሽማግሌዎች ፊት ተዘረጋ፤ ቀሚሱ፣ ጫማው፣ በመጨረሻም የሚያብረቀርቅ የእጅ ቦርሳ። ሚዜው ቦርሳውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «ይኼ ፐርስ ይባላል» አለን፣ ገበሬ ምን ያውቃል ብሎ። የእንግሊዝኛ አስተማሪው እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። ለሙሽራዋ ስል ዋጥ አደረግኋት።

እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይቺው አንዲት ልጅ ናት። ክረምቱን ሙሉ የፍየል ቆዳ ስትፍቅና ስታለፋ ከርማ አቅማዳ ሰፍታላታለች። ልጅ ከእናቷ ቤት ባዶ እጇን አትወጣም። ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ አቅማዳውን በሶ ሞልታ፣ አፉን በጠፍር አስራ፣ ከመኪናው አጠገብ አስቀመጠችው። ሚዜው አየውና በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ይኼ እንኳ ይቅር። ቆዳው መኪናውን ያገማዋል።»

በእግሩ! ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዘኝ።

«ስማ አንተ» አልሁት። «ያ ፐርስ ያልኸን፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? ከጥንት ግሪኮች ነው። በነሱ ቋንቋ የተገፈፈ ቆዳ ማለት ነበር። ሮማውያን ወሰዱና ለቆዳ ከረጢት መጠሪያ አደረጉት፤ እንግሊዞች ከዚያው አምጥተው ፐርስ አሉት። የኛም ቦርሳ በጣሊያን በኩል የመጣ የዚያው ዘመድ ነው። አንተ ያመጣኸው ላስቲክ ነው። ፐርስ ከፈለግህ፣ በእግርህ የገፋኸው ይኼውልህ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው፣ «አበጀህ፣ የእጁን ሰጠኸው» አሉኝ። ሚዜው ፊቱ ቀላ። እኔ ግን አልበቃኝም።

«በል አንሳና ጫነው!»

ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሙሽራዋ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ እሱን ይተውት። እንዲያስቀረው የነገርሁት እኔ ነኝ።»

እህቴ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። ከጎረቤቷ ፌስታል ተቀበለች፣ ጠፍሩን ፈታች፣ በሶውን ገለበጠችና በመስኮቱ አቀበለቻት።

«እንኪ ልጄ፣ ይኼ አይሸትም» አለቻት።