ቅቤ ነጋዴዋና የመርሳ ድመቶች

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ቅቤ ቢነጠር፣ አረፋው ተገፎ ዝቃጩ ከሥር ቢቀር፣ ጥሩው ስንት ይሆናል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን የመሰለ ጥያቄ ያነሱ ፈላስፎችን አንብቤአለሁ። መልሳቸው ሁሉ ረጅም ነበር፤ ቅቤ አንጥሮ የሚያውቅ ግን አንድም በመካከላቸው የነበረ አይመስለኝም። አሁን በስተርጅና፣ መርሳ ውስጥ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ጥያቄው ሲመላለስብኝ፣ ዓይኔ የሚያርፈው ከአጥሬ ማዶ ባለችው ሴት ላይ ነው። ትብለፅ ትባላለች።

ትብለፅ መርሳ የመጣችው በልጅነቷ፣ ባሏን ሃብተሥላሴን ተከትላ ከማይጨው ነው። ሃብተሥላሴ ወልድያና መርሳ እየተመላለሰ ጨው ይነግድ ነበር። ልጅ ሳይወልዱ እሱ አረፈ፤ እሷም በቅቤ ንግድ ቀጠለች። በገበያ ቀን ግራና ከተማ ወርዳ ከባላገር ሴቶች ትገዛለች፣ መርሳ ላይ በኮባ ጠቅልላ ትሸጣለች። ለጋውን ከበሳሉ በአፍንጫዋ ትለያለች። አማርኛዋ ከእኔ ይልቅ የወሎ ነው። ትግርኛዋ የሚወጣው ስትናደድ ብቻ ነበር፤ በሰፈራችን የሚመልስላት ሰው ስላልነበረ።

የምትናደደው ደግሞ በድመት ነው። ቅቤ ነጋዴና ድመት እንዴት ሊዋደዱ ይችላሉ? የትብለፅ ኮንጎ ጫማ ያላረፈበት ድመት በሰፈሩ አልነበረም፤ ውሻም ቢሆን አይቀርለትም። አወራወሯ ሳታነጣጥር የሚያገኝ ዓይነት ስለሆነ፣ ሰው እንኳ በደጇ ሲያልፍ ወደ እግሯ አየት ያደርግ ነበር። አንድ ክረምት ሽርጉድ የምትባለው የጎረቤቷ የዘሀራ ድመት ቅቤ ማስቀመጫው ውስጥ ገብታ፣ እንደ ሙሽራ ተቀብታ ወጣች። ትብለፅ ያን ክረምት ከሳምቡሳ ሻጯ ከዘሀራ ጋር ሳትነጋገር ከረመች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ወልድያ ተያዘች ሲባል፣ መርሳ በአንድ ጠዋት ብድግ አለች። ፍራሽ በባጃጅ፣ ሕፃን በጀርባ፣ አሮጊት በቃሬዛ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ደሴ አዞረ። ሦስት ሽማግሌዎች ቀረን። እኔን እርጅና አስቀረኝ፤ ሸህ ኡበይደላ መስጊዴን ጥዬ አልሄድም አሉ፤ ትብለፅ ደግሞ «ይህ ጉልበቴ ውጫሌ እንኳ አያደርሰኝም» ብላ ቁጭ አለች።

ያን ጠዋት ዘሀራ ሽርጉድን በቅርጫት ይዛ ደጇ ቆመች። ከድመቷ ሥር ዓይናቸውን ያልገለጡ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ።

«እትዬ ትብለፅ፣ አውፍ ይበሉኝ። የምሰጠው ሰው ጠፍቶኝ ነው፤ ወልዳለች።»

«ይችን ሌባ? ለእኔ?»

«አማና ነው፤ አላህ ያያል።»

«አደራ እያልሽኝ ነው?»

«አደራ።»

ትብለፅ ሰማዩን አየች፣ ድመቷን አየች። «እንግዲያ አስቀምጫት» አለች፤ «ከቅቤው ራቅ አድርገሽ።»

ወሬ ከሰው ቀድሞ ይሮጣል። ዘሀራ ገና የመንገዱን ጥግ ሳትታጠፍ፣ ትብለፅ እንስሳ ትቀበላለች ተባለ። ፋንቱ እንቁላል የታቀፈች ዶሮዋን ከነሰፌዱ አመጣች። ባጃጅ ነጂው ሞላ ውሻውን ጎትቶ መጣ። ሌላውም ድመቱን እያቀፈ ሰልፍ ያዘ። በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው አይደለም፤ ለጎረቤት መልእክት ነው። ሞላም በአጥር ድንበር ለተጣላው ሰው ይሰማ ብሎ ውሻውን «አይደፈር» ብሎት ነበር። አይደፈር ግን ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ ውሻ ነው።

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ ኖኅ ነኝ እንዴ?» አለች ትብለፅ።

«እርስዎ ምን አለብዎት፣ ቋንቋቸውን ያውቃሉ» አላት ሞላ። የድመቶቹን ማለቱ አልነበረም። ትብለፅም ገብቷታል።

«ከሚመጡት ጋር ቋንቋ አለኝ፤ ከእናንተ ጋር ዕድሜ አለኝ» አለችው። «ውሻህን እሠረውና ሂድ። አንድ ጸጉሩ ሳይጎድል ትረከበዋለህ።»

በዚያች ቃል ትብለፅ ራሷን አሠረች። ሰው ሲመለስ አደራውን አሟልታ ካላስረከበች፣ መርሳ ውስጥ የኖረችው ዕድሜ ሁሉ በአንዲት ድመት ሊፈረድበት እንደሚችል ታውቅ ነበር። ስለዚህም ነገሩን ከልክ በላይ አጠበቀችው።

ፍልሰታ ገና አልተፈታም። ትብለፅ ካድሬ እንኳ ያላሰበውን አሰበች፤ እንስሶቹን በየሃይማኖታቸው ለየች። የክርስቲያን ቤት ድመቶች በቀይ ሳሕን ሽሮ፣ የእስላም ቤት ድመቶች በሰማያዊ ሳሕን ሥጋ፤ ሥጋውም የእስላም ካልሆነ አይቀርብም። ሸህ ኡበይደላ ለቀረነው ሰዎች ብለው ፍየል ያረዱ ዕለት፣ እያነከሰች ደጃፋቸው ደረሰች።

«ሸህ፣ ከአንጀቱ ትንሽ ይቁረጡልኝ።»

«ትብለፅ፣ አንቺ የጾም ሰው አይደለሽም?»

«ለእኔ አይደለም። ለሽርጉድ ነው።»

ሸሁ ቢላቸውን አስቀመጡ። «ለድመቷ ከየትም ብታበያት ምን አለበት?»

«ነገ ዘሀራ መጥታ ድመቴን የክርስቲያን ሥጋ አበሉብኝ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? አደራ እኮ ነው።»

«አይጥ ስትበላስ? አይጡን ማን ቢስሚላህ አለላት?»

ትብለፅ ይህን በጥሞና አሰበችበት። «እሱ በራሷ ኃላፊነት ነው» አለች በመጨረሻ። «በእኔ እጅ ግን አትሳሳትም።»

ሥርዓቱ ብዙ አልቆየም። ሽሮ የቀረበላቸው ድመቶች ሽሮውን አሸተቱ፣ ትብለፅን አዩ፣ ከዚያም አንድ በአንድ ጅራታቸውን አቁመው ወደ ሰማያዊው ሳሕን ተሻገሩ። እያነከሰች እኔና ሸሁ ዘንድ መጣች። «ሁሉም ሰለሙብኝ» አለች። ሸህ ኡበይደላ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያላገኘሁትን አንቺ በአንድ ሳሕን አገኘሽው?» አሉ። ከርቀት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች በድመት እምነት ላይ ጉባኤ ተቀምጠን እንስቃለን። ያን ያህል የሳቅሁበትን ሌላ ጊዜ አላስታውስም፤ ፍርሃት ጥግ ሲደርስ መውጫው ሳቅ ይሆን እላለሁ።

ጥቅምት ላይ ግን የሚበላ ጠፋ። ገበያ ቆመ፣ ወፍጮ ቆመ፣ ሸሁም የሚያርዱት አጡ። ሽርጉድ ከሳች፤ ግልገሎቿ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። ትብለፅ ቤት የቀረው ቅቤው ብቻ ነበር። የንግዷ ጠቅላላ ነው፤ ገበያ ሲከፈት የምትነሣበት ሌላ ነገር የላትም። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። የማስቀመጫውን አፍ ስትፈታ ሽርጉድ ከልማድ የተነሣ ዘላ ግድግዳው ሥር ተለጠፈች፤ ጫማ መምጣቱ ነው ብላ።

ትብለፅ ጣቷን ቅቤው ውስጥ ነክራ ዘረጋችላት።

«ነይ እንጂ፣ አንቺ ሌባ። ዕድሜሽን ሙሉ የተመኘሽው ይህን አልነበር?»

ድመቷ ጣቷን አየች፣ ፊቷን አየች። ቀስ ብላ መጥታ ላሰች። ከዚያ ግልገሎቹ መጡ፣ ከዚያ የቀሩት። ያ ሁሉ ለጋ ቅቤ በየቀኑ በጣት እየተጠለቀ በድመት ምላስ ላይ አለቀ። ትብለፅ አንድ ቀን እንኳ አላዘነችበትም። እንዲያውም መስጠቱ ትንሽ ያሰከራት ይመስል ነበር።

አይደፈር ግን ቅቤ አላጠገበውም። አንድ ጠዋት ጠፋ። በዋናው መንገድ ዳር አንድ ባዶ ግቢ ውስጥ መርሳን የያዙት የትግራይ ታጣቂዎች ሰፍረው ነበርና የአጥንት ሽታ እንደጠራው ገመትን። ትብለፅ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። እኔ ምርኩዜን ይዤ ተከተልሁ፤ ማን ማንን እንደሚደግፍ ሳይለይ።

በሩ ላይ የነበረው ወጣት በትግርኛ ስታነጋግረው ደነገጠ። ንግግራቸውን ኋላ እሷ እየሳቀች ተረጎመችልኝ።

«አደይ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አላት፤ አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው።

«ውሻ።»

«የእርስዎ ነው?»

«የእኔማ ቢሆን ጉልበቴን ይዤ እዚህ ድረስ እመጣ ነበር? የሰው ነው።»

አይደፈር ግቢው መካከል አጥንት ላይ ተኝቷል። «አይደፈር፣ ና» አለች። ጆሮውን እንኳ አላነሣም። «ና የኔ ልጅ፣ ና የኔ ጌታ» አለች፤ ከአንደበቷ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ ሌላ ሰው የሚጠራ መሰለው። ታጣቂዎቹ ሳቁባት። «አያውቅዎትም፤ የእኛ ሆኗል» አላት አንደኛው።

ትብለፅ ጎንበስ ብላ ኮንጎ ጫማዋን አወለቀች። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ዓይኔን ጨፈንሁ። ጫማው በታጣቂዎቹ ራስ ላይ ሲያልፍ ሁሉም ጎንበስ አለ፤ በረኛው መሣሪያውን ያዘ። አይደፈር አፍንጫው ሥር ያረፈውን ጫማ አሸተተ። ያኔ አወቃት። ጅራቱን እንደ ባንዲራ አውለበለበ፣ ጫማዋን በአፉ ነክሶ በመካከላችን ሽው ብሎ አለፈ። እኛ ከመድረሳችን በፊት ቤት ደርሶ ደጃፍ ላይ ይጠብቀን ነበር። ታጣቂዎቹ በሳቅ ሆዳቸውን ይዘው ቀሩ። ትብለፅ በአንድ እግር ጫማ፣ በአንድ እግር ባዶዋን፣ እየሳቀች ዋናውን መንገድ ተሻገረች። ሃብተሥላሴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ እንስሶቹን ታዋራቸው ጀመር። በትግርኛ፣ ሳትናደድ። ስለ ማይጨው፣ ስለ ሃብተሥላሴ ጨው፣ እናቷ ስለምትዘፍንላት ዘፈን። ሽርጉድ ጭኗ ላይ፣ አይደፈር እግሯ ሥር፣ የፋንቱ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ በመካከል። ሰው በአፍ መፍቻው የሚያናግረው ሲያጣ ከራሱ እንዴት እንደሚርቅ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፤ ወደ ራሱ እንዴት እንደሚመለስ ያየሁት ግን እዚያ አጥር ሥር ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሰው ተመለሰ። በሩ የተገነጠለ፣ ድስቱ የጠፋ፣ ፍራሹ የተቀደደ ቤት ነው የጠበቀው። በትብለፅ ደጃፍ ሲሰበሰቡ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። «የእነሱ ወገን ስለሆነች የእሷ ቤት ተረፈ» የሚል ሹክሹክታ ለእኔም ደርሶኛል።

ትብለፅ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ የፋንቱ ዶሮ ጫጩቶቿን አሰልፋ ወጣች፤ ፋንቱ «እንዴ፣ ቤተሰብ መሥርታ!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ድመቶች ወጡ፣ የየራሳቸውን ጌታ ረግጠው አለፉ። አይደፈር ሞላን አይቶ እላዩ ላይ ተከመረ። ሞላ ፊቱ እስኪርስ እየተላሰ፣ በዚያው ተንበርክኮ የትብለፅን እግር ሊስም ሲል «ተው፣ ጫማ አለኝ» አለችው።

ሽርጉድ ብቻ ጣሪያው ላይ ወጥታ ቀረች። ዘሀራ ጠራቻት፣ ለመነቻት፣ አልሰማ አለች።

«እትዬ ትብለፅ፣ ድመቴ ረሳችኝ።»

«አልረሳችሽም፤ ንዒ በያት። ነይ ማለት ነው።»

ዘሀራ ዙሪያዋን አየች። ያን ሰሞን በመርሳ ጎዳና ያን ቋንቋ የሚናገር አልነበረም። ከዚያ ዘሀራ ቀና ብላ «ንዒ!» አለች። ሽርጉድ ዱብ ብላ ከጣሪያው ወረደችና ትከሻዋ ላይ ወጣች። ሸህ ኡበይደላ ሳቅ ጀመሩ፤ ሰፈሩ በሙሉ ተቀበላቸው። ሕፃናት በየአጥሩ «ንዒ! ንዒ!» እያሉ ድመቶቻቸውን ሲያሳድዱ ዋሉ።

በሳምንቱ ሰፈሩ ለምርቃት ተሰበሰበ። ሸሁ መረቁ፤ ከዚያ «ትብለፅ፣ አደራችንን ጠብቀሻል። ምን እናድርግልሽ?» አሏት። የተዘረፈም ቢሆን ሁሉም ለቅቤ መነሻ የሚሆናትን ለማዋጣት ተዘጋጅቶ ነበር።

ትብለፅ ነጠላዋን በጣቷ እያፍተለተለች ቆየች።

«ገንዘብ አልፈልግም» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ላኩልኝ። ድመቶቹንም፣ ውሻውንም። አብረውኝ ውለው ይመለሱ።»

ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ሞላ «አይደፈርን በባጃጅ አምጥቼ በባጃጅ እመልሰዋለሁ» አለ። ዘሀራ «ኢንሻ አላህ» አለች። ፋንቱም እሺ አለች፤ ሁሉም እሺ አለ። ከዚያ በየቤቱ የሚጠገን በር፣ የሚፈለግ ድስት ነበር፤ ድመት ለጥየቃ መላክም ለሰው ቀልድ ይመስለዋል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትብለፅ በሯን ገርበብ አድርጋ ትቀመጣለች። እስካሁን ግን አንድም ያመጣላት የለም።