የእናቴ ጀርባና ሁለቱ ፕላስተሮች

እናቴ የጀርባዋን አጥንት የሰበረችው በሀብሀብ ነው። መኪና አልገጫትም፤ ከደረጃም አልወደቀችም። ሰው «ምን አገኘሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ግን ሀብሀብ ማለት ስለሚያሳፍራት፣ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ሌላ ነገር ትነግረው ነበር። ለአክስቴ የውሃ ጀሪካን ነው አለቻት። ምድር ቤት ለምትኖረው ለታችኛዋ ጎረቤታችን ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆነ። ጎረቤታችን ማሽኑን ብቻሽን ለምን አነሳሽው ብላ አልጠየቀቻትም። እናቴን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ያምናል።

ወላጆቼ የሚኖሩት እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያን ዕለት ከባሕሩ ዳር ገበያ ሲመለሱ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ጠበቃቸው። አባቴ «እዚሁ ቁሚ፤ የአስቤዛውን ጋሪ አድርሼ ለሀብሀቡ እመለሳለሁ» ብሏት ደረጃውን ጀመረ። እናቴ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አታውቅም። ጎንበስ ብላ ሀብሀቡን ከመሬት ስታነሳ፣ ጀርባዋ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች። ሀብሀቡን ግን አልለቀቀችውም። አቅፋው ሦስቱንም ፎቅ ወጣች።

«ለምን አልጣልሽውም?» አልኳት በኋላ።

«የምጥለው ከሆነ ለምን አነሳሁት?»

ዘጠኝ ቀን ደበቀችን። አባቴ ሲጠይቃት «ብርድ ነው» ትለዋለች፤ ነሐሴ ነበር፣ ውጭው እንደ ምድጃ ይጋረፋል። አልጋ ላይ ጋደም ማለት ስላልቻለች ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታድራለች። አባቴ ሲያገኛት «ቴሌቪዥን እያየሁ ነው» ትለዋለች፤ ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቷል።

እኔ የምኖረው ሮቫ አሌፍ ነው፤ ሥራዬ ሕፃናት መዋያ ውስጥ ነው። ዓርብ ዓርብ በአውቶቡስ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። በዚያ ዓርብ እየበላን ሳለ ከእናቴ እጅ ማንኪያ ወደቀ። እናቴ ወለል ላይ የወደቀ ነገር አይታ የምታልፍ ሴት አይደለችም፤ ሰው ቤት ሄዳ እንኳ ከምንጣፍ ላይ ክር ትለቅማለች። ያን ቀን ግን ማንኪያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ቀስ ብላ በእግሯ ወደ ሶፋው ሥር ገፋችው። ነገሩ ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ሰንበት ስለነበር እሑድ ጠዋት ኩፓት ሆሊም፣ ማለትም የሰፈሩ ክሊኒክ፣ ወሰድኳት። የሀብሀቡን ነገር የነገረችኝ መንገድ ላይ ነው። ራጅ ተነሣች። ሐኪሟ ሥዕሉን ብርሃን ላይ አድርጋ አንዷ የአከርካሪ አጥንት ተጨፍልቃለች አለችን። አጥንቷ በዕድሜ ብዛት ሳስቷል፤ የሳሳ አጥንት ደግሞ በትንሽ ነገር ይሰበራል። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ እናቴ በጥርጣሬ አየችኝ።

«ስለ ሀብሀቡ ነገርሻት እንዴ?»

የጀርባ ደጋፊ ቀበቶና የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላት። ሁለት ወር ያህል በዚህ ተገፋ። ቀበቶውን ቀሚሷ ላይ ስታጠብቀው ትራፊክ ፖሊስ ትመስላለች፤ ሕመሙ ግን አልቀነሰም። ከሁሉም የከፋው ሳቅ ነበር። ስትስቅ ጀርባዋ ይወጋታል። አባቴ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ከእሷ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ ሲያስቃት የኖረው እሱ ነው። ስትስቅ ፊቷ በሥቃይ ሲጨማደድ አንድ ሁለቴ ካየ በኋላ ቀልዱን ተወ። ስለ አየሩና ስለ ጎመን ዋጋ ብቻ ማውራት ጀመረ። ቤቱ ዝም አለ። እኔ ስመጣም ሁለቱ እንደ እንግዳ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ወደ ጀርባ ሐኪም ተላክን። ሐኪሙ ወጣት ነው። እናቴን «ሳቭታ»፣ አያቴ፣ እያለ ወንበሯን ራሱ አስተካከለላት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው። ጤነኞቹ አጥንቶች እንደ ሳጥን ተደራርበዋል። አንዷ ግን ሰው የተቀመጠባት ካርቶን መስላለች።

«ሰፊ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም» አለኝ በዕብራይስጥ። «በሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ቀጭን መርፌ እናስገባለን። አጥንቷ ውስጥ ትንሽ ፊኛ እንነፋለን፤ እሱ የተጨፈለቀውን ያነሣዋል። ከዚያ ፊኛውን አውጥተን ክፍተቱን በሲሚንቶ እንሞላለን።»

እኔ ሕፃናት ጋር ስለምውል ፊኛ ሲባል የሚታየኝ ልደት ነው። ሳላስብ ወደ እናቴ ዞሬ «መጀመሪያ ፊኛ ይነፋሉ አሉ» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «የማንን ፊኛ?»

«ያንቺን... ማለቴ፣ አንቺ ውስጥ።»

«እኔ ጀርባዬን አመመኝ አልኩ እንጂ ሽንቴን አልኩ? ፊኛዬ ምንም አልሆነ! ንገሪው!»

ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ሌላ መላ ጠፋኝና «የሽንት ፊኛዬ ደህና ነው እያለች ነው» አልኩት።

«በጣም ጥሩ» አለና ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው።

የልደት ፊኛ ሲነፋ በእጄ እያሳየሁ አስረድቻት ገና ሳልጨርስ፣ እስከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው አባቴ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። አባቴ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ከመጣን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሠራው ሕንፃ ግንባታ ላይ ነው። ካወራነው ሁሉ ውስጥ ጆሮው የያዘው አንዲት ቃል ናት።

«ሲሚንቶ አለ? አሸዋው ስንት እጅ ነው? ጠይቂው።»

«አባዬ፣ የሕክምና ሲሚንቶ ነው።»

«ጠይቂው!»

ጠየቅኩት። ሐኪሙ አሸዋ የለውም አለ።

«አሸዋ ከሌለው ይሰነጠቃል። ብረትስ አይገባበትም?»

ብረትም አይገባበትም።

«በስንት ቀን ይደርቃል?»

«አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።»

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሙን በአክብሮት አየው። «አሥር ደቂቃ! እኛ አንድ ዓምድ አቁመን ስንት ቀን ውሃ ስናጠጣ እንከርም ነበር። ለእሷስ ውሃ አያስፈልግም?»

ሐኪሙ የተባለውን ሲሰማ «ውሃ ብትጠጣ መልካም ነው» አለ።

«አላልኩሽም?» አለኝ አባቴ።

ከዚያ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳትም ነገረን። ሲሚንቶው አፈትልኮ ወደ ጎን ሊወጣ፣ ነርቭ ሊነካ ይችላል፤ ኢንፌክሽንም አለ። ብዙ ጊዜ አይሆንም፣ ግን ማወቅ አለባችሁ አለ። አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩላት። እናቴ ሁሉንም አዳምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ከዚያ በኋላ ጋደም ብዬ እተኛለሁ?»

«ብዙዎቹ ይተኛሉ» አለ ሐኪሙ። «አንቺም እንደምትተኚ ተስፋ አለኝ።»

«እንግዲያውስ ይንፋው» አለች።

በቀጠሮው ቀን አባቴ የሰንበት ልብሱን ለብሶ መጣ። እሷን ወደ ውስጥ ሲያስገቧት በሩ ላይ ቆሞ የጋቢዋን ጫፍ እንደያዘ ቀረ፤ ነርሷ ቀስ ብላ አስለቀቀችው። ከዚያ ለእናቴ ይዤው የመጣሁትን ሳንድዊች፣ ምን እንደሚበላ እንኳ ሳያውቅ፣ ሙሉውን በላ። ሲጨርስ እጁን አይቶ «ይሄ የማን ነበር?» አለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነርሷ ወጣች።

«ደህና ናት፤ አልቋል» አለችኝ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። በማደንዘዣው እንቅልፍ እንቅልፍ ቢላትም ሙሉ በሙሉ አላስተኛናትም ነበር። በሆዷ ተኝታ እጄን ይዛ ደጋግማ አይዞሽ፣ አይዞሽ ትለኝ ነበር። ምን ማለት ነው?»

«አንቺ ለእሷ ልትያት የሚገባው ነገር ነው» አልኳት።

ነርሷ ሳቀች፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት እናቴ ለጥቂት ሰዓት ቀጥ ብላ በጀርባዋ ተኛች። በጀርባዋ! አባቴ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ከራሷ እስከ እግሯ በዓይኑ ለካት።

«ፊኛው ከመጠን በላይ ነፍቶሻል መሰለኝ» አላት። «ከእኔ ልትረዝሚ ነው።»

እናቴ ሳቀች። ልማድ ሆኖባት እጇን ወደ ጀርባዋ ሰደደች፤ ከዚያ እጇ መንገድ ላይ ቆመ። የጠበቀችው ውጋት አልመጣም። አባቴን አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ የያዘውን ቀልድ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ዘረገፈው። አጠገቧ ያለችው ታካሚ አማርኛ ባትሰማም መጋረጃዋን ገልጣ ታዳምጥ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ቤት ተመለሰች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሁለት ትንንሽ ፕላስተር ብቻ ነው፤ መዋያችን ውስጥ ሕፃናት ጉልበታቸው ሲላጥ ከምለጥፍላቸው አይበልጥም። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። መርፌው የገባበት ይቆረቁራታል፤ ስትነሣም ቀስ ትላለች። ያ የሚወጋው ግን የለም። ደስ ሊላት ሲገባ በመስታወት እያየች ተከፋች።

«ይኸው ብቻ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

ነገሩ የገባኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎች ሲመጡ ነው። ደረጃው ላይ የሴቶች ድምፅ እንደሰማች ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት ገሠገሠች።

«ብርድ ልብሱን አልብሺኝ! ቶሎ በይ!»

«እማዬ፣ አመመሽ?»

«ሰዎቹ ምግብ ተሸክመው መጥተው ቆሜ ላገኛቸው ነው? ነውር አይደለም?»

አክስቴ፣ የታችኛዋ ጎረቤታችንና ሌላ አንዲት አሮጊት ገብተው አልጋውን ከበቡ። አሮጊቷ «እግዚአብሔር ይማርሽ፤ እስከ የት ድረስ ቀደዱሽ?» ሲሏት እናቴ ዓይኗን ጨፍና በረዥሙ ተነፈሰች። በዚህ መሐል አባቴ ሻይ ይዞ ገባ።

«ማን ተቀደደ? ጠዋት መጋረጃ ላውርድ ብላ ስታስቸግረኝ አልነበር እንዴ?»

አክስቴ ብርድ ልብሱን ገልጣ እናቴን በጎኗ አዞረቻትና ቀሚሷን ከጀርባዋ ላይ ከፍ አደረገችው። ሁለቱ ፕላስተሮች ታዩ።

«ለዚህ ነው ዶሮ ወጥ ተሸክሜ ሦስት ፎቅ የወጣሁት?» አለች ጎረቤታችን። «የማጠቢያ ማሽን ያነሣች ሴት በሁለት ፕላስተር ትድናለች?»

«የምን ማሽን?» አለች አክስቴ። «ጀሪካን ነው እንጂ!»

ሁለቱ ሲከራከሩ እናቴ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። አባቴ ሻዩን አስቀመጠና «ሀብሀብ ነው» አለ። አሮጊቷ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሁላቸውም። እናቴም ከብርድ ልብሱ ሥር አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ዶሮ ወጡን ራሷ አቀረበች።

ሐኪሙ ለአጥንቷ መድኃኒት አዞላታል፤ በየቀኑም እንድትራመድ ነግሯታል። መጎንበስና ከባድ ነገር ማንሣት ግን ከልክሏታል። ስለዚህ በዚያ ቤት ወለል የሚወለውለው አሁን አባቴ ነው። ባለፈው ዓርብ ስደርስ አባቴ ጨርቁን ይዞ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል፤ የሚታየኝ የእግሩ መዳፍ ብቻ ነው። እናቴ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በጣቷ ታመለክተዋለች።

«በስተግራ። እሱን አልፈኸዋል። ኧረ በስተግራ!»

«ልጄ ናት የመጣችው?» አለ አባቴ ከጠረጴዛው ሥር። «ጫማሽን አውልቂና እዚያው ቁሚ። ገና አልደረቀም።»