ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረው ሽጉጥ

ከጦርነቱ በኋላ ወንድሜ ሽጉጥ ገዛ። መርሳ ላይ እህል ይነግዳል፤ ውርጌሳና ሲሪንቃ እየተመላለሰ ከገበሬው ይሰበስባል። መንገዱ ስለማያስተማምን ማናችንም አልተቃወምነውም። ሽጉጡ አሮጌ ነበር፤ ስንት ወገብ ላይ እንደዞረ አናውቅም። ቤት ሲገባ ከወገቡ ፈትቶ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከተጣጠፉት ብርድ ልብሶች ሥር ይሸጉጠዋል። ጥይቱን አያወጣም። ሚስቱ አውጣው ብላ ስትለምነው፣ ሌባ ጥይት እስካጎርስ ቆሞ ይጠብቀኛል ወይ ብሎ አሳቃት። ልጆቹ እዚያ ድረስ አይደርሱም፤ ለእሱ ጥንቃቄ ማለት ይኸው ነበር።

እኔ ወልድያ አስተምራለሁ። ለአረፋ እነሱ ጋ መጥቼ፣ በዋዜማው ጧት ብርድ ልብሶቹን ልናጥብ ተነሳን። ሚስቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳፋው ውስጥ ሳሙና ትበጠብጣለች፤ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ አወርዳለሁ። ወንድሜ ገበያ ሄዷል፤ ሽጉጡንም ይዞት የወጣ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻውን ብርድ ልብስ ስስበው አንድ ከባድ ነገር ትከሻዬን ታክኮ ወረደ። ሲሚንቶው ላይ እንዳረፈ ተኮሰ።

ጆሮዬ ጭው አለ። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ምን ጣልሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ሲቀላ ሁለታችንም አየን።

ጎረቤቶች እግሯን በነጠላ አስረው ሚኒባስ ላይ ጫኑን። እስከ ወልድያ ድረስ እጄን ጨብጣ፣ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ትል ነበር።

ወንድሜ ሆስፒታል ሲደርስ መጀመሪያ የጠየቀኝ ነካክቼው እንደሆነ ነው። ቃታውን አልነካሁም፣ ወደቀ እንጂ አልኩት። አላመነኝም። ያመነው ጎረቤቱ የሆኑ አንድ ጡረተኛ ወታደር ሽጉጡን አገላብጠው ካዩ በኋላ ነው።

«አጉርሰህ ነበር ያስቀመጥከው?» አሉት።

«አዎ» አለ።

«እንዲህ ያለው አሮጌ ሲወድቅ ጣት አይጠብቅም። ቤት ስትገባ አፉን ባዶ ታደርገዋለህ፤ ጥይቱን ለብቻ፣ እሱን ለብቻ ትቆልፋለህ። ይህን የሚነግርህ ሰው አጣህ?»

ሚስቱ ዳነች፤ ጉልበቷ ግን መታጠፍ እንቢ አለ። ወንድሜ የብረት ሣጥን አሠርቶ ሽጉጡን ቆለፈበት፤ ጥይቱን ሱቁ ወሰደው። እሷ ግን ከነሣጥኑ ከቤት ይውጣልኝ አለች። መንገዱ ገና ሰላም አልሆነም አላት። አልዋሸም። ጥቂት ሳምንት ጠብቃ፣ ልጆቿን ይዛ ውርጌሳ አባቷ ቤት ገባች።

አንዳንድ ቅዳሜ እሄድና እጠይቃታለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሰግደው። ባለፈው፣ ስትጨርስ ጠብቄ፣ ስንት ወር አፌ ላይ ሲመላለስ የከረመውን ይቅር በይኝ አልኳት።



«አንቺማ ብርድ ልብስ ነው ያወረድሽ» አለችኝ። «ይህን ቃል ከእሱ ነበር የምጠብቀው።»