ዘፋኙ እስኪመጣ

ወንድሜ ጂብሪል ከልጅነቱ ጀምሮ ዝምተኛ ነው። እኔ ረዲያ ደግሞ ጫት ነጋዴ ነኝ፤ አፌ ካልሠራ ገበያዬ አይሠራም። ከአንድ እናት እንዴት እንዲህ ያለን ሁለት ሰዎች እንደወጣን አላውቅም። "እንዴት አደርክ?" ሲሉት ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፤ አልሐምዱሊላህ ማለቱ ነው። የሚናገረው በጊታር ብቻ ነበር።

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ንጋት የሚባል የኪነት ቡድን ነበር። ጂብሪል ለዓመታት የቡድኑ ጊታር መቺ ሆኖ ሠርቷል፤ ሁልጊዜ ከዘፋኞቹ ኋላ፣ መጋረጃው ሥር፣ ፊቱን ሰው በማያይበት ቦታ። ድሬዳዋ እየሄደ በባቡር የሚመጣ የሮክ ካሴት ማዳመጥ ለምዶ ስለነበር ጊታሩን ማስጓራት ይወዳል። የቡድኑ ኃላፊ ሽፈራው ግን ይህንን አይወድም። "ጊታር መልእክት የለውም፤ መልእክት ያለው ግጥሙ ላይ ነው" ይላል።

አንድ የበዓል ቀን ባየች የምትባለው ዘፋኝ መሃል ላይ ውሃ ልትጎነጭ ዞር ስትል ጂብሪል ክፍተቱን አገኘና ጊታሩን እንደልቡ ያስጓራው ጀመር። እሷ ጠጥታ ጨርሳ ማይኩን ይዛ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ እሱ ወይ ፍንክች! ኋላ ያለው ወጣት አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው፤ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ባለሥልጣናት ተያዩ። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራና ነገሩ "ግለኝነት" የሚል ስም ወጣለት። ጂብሪልም ግለ ሂስ አድርግ ተባለ። በጓዶች ፊት ቆመህ ጥፋትህን በገዛ አፍህ ዘርዝር ማለት ነው። ሰላምታ ለሚከብደው ሰው ይህን መፍረድ ግፍ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ጂብሪል ተነሳ፤ የቡድኑን ቀይ ጊታር ወንበሩ ላይ አስተኛና "ብቻዬን እደመጣለሁ" ብሎ ወጣ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ለምሳ ሰዓት ጫት ተራ ደረሰ። እንግዲህ ወይ ብቻውን መደመጥ ነው፣ ወይ የከተማ መሳቂያ መሆን።

ብቻውን የሚደመጥበትን ካሴት የቀዳነው ጫት በማሳድርበት ክፍል ውስጥ ነው። ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ጆንያ ሰቀልን። ጊታሩ ድሬዳዋ የገዛው አሮጌ ነው፤ ማጉያውን ከተሰበረ ራዲዮ ራሱ ሠርቶታል፤ ከፍ ሲያደርጉት ያንኮራፋል። ላስጠግነው ስለው "እንዲያንኮራፋ ነው የለፋሁት" አለኝ። ከበሮ መቺ ስላልነበረ እኔን ባዶ ጀሪካን አስያዘኝ። ከንግግር ለተረፈ እጄ ሥራ ማግኘቴ ነው።

"መቼ ነው የምትዘፍነው?" አልኩት።

"አልዘፍንም።"

"ታዲያ ማን ሊዘፍን ነው?"

ትከሻውን ነቀነቀና ሌላውን ዜማ ጀመረ።

ሲያልቅ መጀመሪያ ያሰማናት እናታችንን ኩብራን ነው፤ እኛ አዮ ነው የምንላት። ሁለቱንም ገጽ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በትዕግሥት አዳመጠች። ቴፑ ቀጭ ብሎ ሲቆም ቀና አለች።

"ኢልመ ኮ" አለችው፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ "ዘፋኙ ቀረ እንዴ?"

ጂብሪል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ብዙ አልቆየም።

ሂርና ከተማ አውቶቡስ መቆሚያው ዘንድ ካሴት የሚያባዛ ሙሜ የሚባል ሰው ነበር። እሱ አባዝቶ መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሰዉ "ብቻዬን እደመጣለሁ ያለው ልጅ ምን አለ?" እያለ ገዛ። ምንም አላለም። ከዚያ ካሴቱ መመለስ ጀመረ። አንዱ ዘፋኙ ተሰርዟል አለ፤ ሌላው ግማሹን ብቻ ቀድተህ ሸጥክልኝ ብሎ ሙሜን አንገቱን ሊያንቅ ደረሰ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ አንድ ሰውዬማ የተበላሸው ቴፑ መስሎት መጀመሪያ ውስጡን በሽቶ ጠረገ፤ ዘፋኙ አልወጣ ሲለው ብሎን በብሎን ፈታታው። መልሶ መግጠም አቅቶት የቴፑን ሬሳ በፌስታል ይዞ ሂርና ድረስ መጣ።

ሙሜ የተመለሱትን ካሴቶች በካርቶን አምጥቶ ቤታችን አስቀመጠ። "አቦ ጂብሪል፣ ጊታሩ አንደኛ ነው" አለው። "ሰዉ ግን ሰውየውን እየጠበቀ ነው።"

ጂብሪል ካርቶኑን አልጋ ሥር ገፋውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም ተናደድኩ፤ "ሁለት መስመር ብትዘፍን ምላስህ ይቆረጥ ነበር?" ብዬ ጮህኩበት። ጊታሩን ከሰቀለበት ማውረድ ሲተው ግን ንዴቴ በረደና ፈራሁ። ያ ቤት ያለዚያ ማንኮራፋት መሰል ጩኸት ሰው የሞተበት ይመስል ነበር።

በመጨረሻ "ቅዳሜ ግለ ሂሱን አደርጋለሁ" አለኝ። ሽፈራው "ይቅርታ ጠይቆ ከተመለሰ እንቀበለዋለን" ብሏል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ምን ልበለው? ተመልሶ መጋረጃው ሥር ሊገባ ነው።

ዓርብ ዕለት ቦኬ ሄድኩ። ጫት የምታቀብለኝ ዙህራ ልጇን እየዳረች ነበር። ግቢው ሳልደርስ ከሩቅ አንድ ድምፅ ሰማሁና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጊታሩን አይደለም መጀመሪያ የለየሁት፤ ጀሪካኔን ነው።

ገባሁ። ቴፑ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ሴቶቹ ከበውታል። ዘፋኙ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ዙህራ የሙሽራ ዘፈኗን በኦሮምኛ አነሳች፤ ልጃገረዶቹ ተቀበሏት። ያ የሚያንኮራፋ ጊታር ደግሞ ሲጠብቃቸው የኖረ ይመስል መለሰላቸው። ገጹ ሲገለበጥ በድሪ የሚባል የጫት መኪና ሾፌር በአማርኛ ግጥም ሙሽራውን ይሸነቁጠው ጀመር። ሰዉ በሳቅ ወደቀ።

ዙህራን ጎትቼ አወጣኋት። "ይህን ካሴት ምን አደረጋችሁት?" አልኳት።

"ምን እናድርግ?" አለች። "ዘፋኙ እስኪመጣ ጠበቅን። ወላሂ ጠበቅን! አልመጣም። ሠርግ ደግሞ አይጠብቅም፤ እኛው ጀመርን። አሁንማ ጎረቤት ሁሉ አውሱን እያለ አስቸገረን። ሌላ አለሽ ወይ?"

አልጋ ሥር ያለው ካርቶን ትዝ አለኝና ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት በድሪን ለምኜ መኪናው ላይ፣ ከጫቱ ጋር ተጫንኩ። የጫት መኪና እንዴት እንደሚበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያን ቀን ግን ቀስ ያለ መሰለኝ። አሰበ ተፈሪ ስንደርስ ጂብሪል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚናገረውን እያጠና ነው።

"ቦኬ ላይ እየዘፈኑልህ ነው!" አልኩት ገና ሳልወርድ።

"ማን?"

"ሰው ሁሉ!"

"ምን እያሉ?"

"እያንዳንዱ የራሱን። ቦታ የተውክላቸው መስሏቸዋል።"

ዓይኑ እንባ ሞላ። ወዲያው በሩ ተከፈተና ሽፈራው ብቅ አለ። "ጓድ ጂብሪል፣ ተራህ ደርሷል።"

ጂብሪል ተነሳ። "ጓድ ሽፈራው፣ የምናገረው የለኝም" አለ።

ሽፈራው እሱን አየ፤ ፀጉሬ ላይ የጫት ቅጠል የተሰካብኝን እኔንም አየ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ትከሻው ወረድ አለ። "ይሁን" አለ። "ቀዩን ጊታር አዲስ ልጅ ይዞታል። ባየች ውሃዋን ተረጋግታ እየጠጣች ነው።" በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ወላሂ፣ እሱም እፎይ ያለ ነው የመሰለኝ።

መንገዱን ሁሉ ጂብሪል አወራ። አዎ፣ ጂብሪል! ሙሜ እንደገና ማባዛት እንዳለበት፣ ሁለተኛው ካሴት ላይ ክፍተቱን ሰፋ እንደሚያደርገው፤ እኔ ቃል ማስገባት አቃተኝ። ቤት ስንደርስ ለአዮ ሊነግራት ሮጦ ገባ።

ካርቶኑ ከአልጋው ሥር ተስቦ ወጥቷል። ቴፑ ይጮሃል፤ አዮ ዓይኗን ጨፍና እየተወዛወዘች በዚያ በሚያንኮራፋ ጊታር ላይ መንዙማዋን ታወርዳለች።

"አዮ! ቦኬ ላይ..." ብሎ ጀመረ።

ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን አነሳችበት። "ዝም በል! የኔ ቦታ ደረሰ።"

ጂብሪል በሩ ላይ ቁጭ አለና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔም ጀሪካኑን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ።