ኦቦ ሁሴን ለእኔ ብቻ የነገሩኝ

ይህን ለሚስቴም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ ስጽፍ እንኳ የቢሮዬን በር ቆልፌ ነው።

የጎባ ልጅ ነኝ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ያኔ ግን ሥራ ያጣሁ ተመራቂ ነበርኩ። ስለ ሽምግልና ልታጠና ከውጭ ለመጣች የዶክትሬት ተማሪ አስተርጓሚ ሆኜ ገሰራ ሄድኩ። ኦቦ ሁሴን የሚባሉ አዛውንት ቤት ተቀመጥን። ወንድማቸው ሰው ገደለ ተብሎ የተደረገውን የድሮ የደም ዕርቅ ሲያወሩልን ቆይተው ድንገት እንባቸው መጣ። ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ሰውየውን የገደለው ወንድሜ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ወንድሜ ስለ እኔ ብሎ ደሎ መና ተሰደደ፣ እዚያው ሞተ። ይህ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ ለፈረንጇ እንዳትነግራት» አሉኝ።

ነገርኳት። «ለምን አለቀሱ?» ስትለኝ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት። ከአፌ አመለጠኝ ልበል? ምን ያመልጠኛል! ውጭ አገር የመማር ጉጉት አሳውሮኝ ነበር። ለፕሮፌሰሯ ስለ እኔ ደህና ቃል እንድታደርስልኝ ፈለግሁ፤ አደረሰችልኝ። ሄድኩ፣ ተማርኩ፣ ሱፍ ለብሼ ተመለስኩ። «እንዳትነግራት» ብለውኝ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እሷ ምን ታውቃለች? ስማቸውን ቀይራ ታሪኩን በጥናቷ ውስጥ ጻፈችው።

ትናንት አንድ ተማሪዬ ስልኩን ይዞ ቢሮዬ ገባ። ኦቦ ሁሴን የገደሉት ሰው የልጅ ልጅ ነው፤ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ዓይኑን እሸሻለሁ።

«መምህር፣ ይቺ ፈረንጅ የጻፈችው የእኛን ሰፈር ይመስለኛል። ስም ቀይራለች እንጂ ታሪኩ የአያቴ ነው። እንግሊዝኛው ከበደኝ፤ ይተርጉሙልኛል?»

«ነገ ና» አልኩት።

ያ አላህ! እውነቱን ብነግረው ሽማግሌውን አስገድላለሁ። ብዋሸው በሌላ ሰው ያስተረጉማል። ኦቦ ሁሴን ዘንድ ደወልኩ። «ልጄ፣ ደህና ነህ? ያቺ ፈረንጅስ ደህና ናት?» አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል። ይጠንቀቁ ልላቸው አፌን ከፍቼ፣ ስለ ገብስ ማሳቸው ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ሰው ነኝ?

ልጁ አሁን ይመጣል። ሽማግሌውን ያላስጠነቀቅሁት ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም፣ ይቅር በሉኝም አልልም። መፍራት የነበረብኝ ያን ቀን ነበር፤ ያን ቀን ግን ቅንጣት አልፈራሁም።