ያልሆነ አፈር

የሥራ ባልደረቦቿ «ሚዛኗ» ይሏታል። የአፈር እርጥበት መለኪያ ወደ እርሻ ከመሄዱ በፊት እውነት መናገሩን የምታረጋግጠው እሷ ናት። የምትፈትሽበትንም ዕቃ የሠራችው ራሷ ናት፦ ታቻቸው የተበሳሳ አሥራ ሁለት ባልዲዎች፣ በየሥራቸው ሚዛን፣ ጥግ ላይ ደግሞ አፈር ማድረቂያ ምድጃ።

ለባልዲዎቹ አፈር ከየእርሻው እንዲመጣላት ጠይቃ ነበር። አለቃዋ ግን ቸኩሏል። «አፈር አፈር ነው፤ ከግቢው ቆፍሪ» አላት። የግቢው አፈር አሸዋማ ነው፤ እንደማይሆን ታውቃለች። ዝም አይነቅዝም ብላ ቆፈረች።

የመጀመሪያውን መለኪያ ለታላቅ ወንድሟ ወሰደችለት። ቲማቲም ያለማል፤ መሬቱ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ ነው። አበባ በያዘ ሰሞን ደወለላት።

«ቅጠሉ እየጠወለገብኝ ነው። ውሃ ልልቀቅበት እንዴ?»

«መለኪያው ስንት ይላል ጋሼ?»

ነገራት።

«እርጥብ ነው። አምስት ቀን ታገስ፤ ሥሩ እንዳይበሰብስብህ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ።»

በአምስተኛው ቀን አበባው እንዳለ ረግፎ ነበር። ሄዳ ክንድ ያህል ቆፈረች፤ አፈሩን መዘነች፣ አድርቃ መልሳ መዘነች። ውሃው መለኪያው ካለው ግማሹን እንኳ አይሞላም። በአሸዋ የተስተካከለው መለኪያ መረሬው ውስጥ ሲገባ ደረቁን እርጥብ ብሎታል።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እያወቅሁ ነው የሰጠሁህ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«እኔማ አይቼው ነበር» አለ። «ዓይኔን ትቼ አንቺን አመንኩ።»

መሬቱን ለሌላ ሰው ለቆ መጋዘን ጥበቃ ተቀጠረ። አለቃዋ ሊያጽናናት «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ቢላት፣ «አልፈሰሰም እኮ፤ ችግሩ እሱ ነው» አለችው። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያው ማሳ አፈር በጆንያ አስጭና ባልዲዎቹን ሞላች። አጠጣች፣ እስኪደርቁ በየቀኑ መዘነች። በሦስተኛው ወር መለኪያውና ሚዛኑ ተስማሙ። ወንድሟ ቤት ስትደውል ሚስቱ አነሳች።

«አሁን ትክክል ሆኗል በይልኝ።»

«ምኑን ሊያጠጣበት?» አለች የወንድሟ ሚስት። ክፋት አልነበረበትም፤ የእውነት መጠየቋ ነው። «ሲመጣ ላስደውልልሽ?»

«ተይው።»

ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ስለ ልጆቹ ያጫውታታል። ስለ መሬት ግን አንድም ቃል አንስቶ አያውቅም።